የተጫጫረ ሸክላን ወደ ኮምፒውተር መቅዳትና ድምፁን ማጽዳት፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ቤቶች

በድሬዳዋም በሐረርም ቁም ሣጥን አናት ላይ ወይም አልጋ ሥር በካርቶን የተቀመጡ ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ) ሸክላዎች ያሉበት ቤት ጥቂት አይደለም። አምሃ፣ ፊሊፕስ፣ ካይፋ የሚል የአሳታሚ ስም የታተመባቸው፣ በአብዛኛው የ1960ዎቹ ሥራዎች ናቸው። ሽፋናቸው ጠፍቷል፣ እርስ በርስ ተፋትገዋል፣ አቧራ ጠጥተዋል። ይሁንና "ይሄማ አልቆለታል" ከተባለው ሸክላ ላይ የሚሰማው ጭርጭርታ ትልቁ ክፍል ጭረት ሳይሆን ቆሻሻ ነው። ድምፅ የሚያጸዳ ሶፍትዌር ደግሞ ጩኸቱን ሲያወጣ ከዘፈኑም ትንሽ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሥራው መጀመሪያ በውሃ፣ ቀጥሎ በመርፌ፣ ከዚያ በገመድ፣ መጨረሻ ላይ በኮምፒውተር ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ሳምንት ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጦ በአሥር ደቂቃ እጥበት የሚለቅ ነገር ሲነቅል ይከርማል።

ጭረት ነው ወይስ ቆሻሻ?

የስልክዎን መብራት አብርተው ሸክላውን በጎን አዘንብለው ይመልከቱት። ላዩ ላይ ብቻ የሚታዩ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ለዓይን ያስፈራሉ እንጂ ብዙ ጊዜ አይሰሙም፤ መርፌው የሚሄደው ከእነሱ በታች ነው። ከጠርዝ ወደ መሃል የተሰነጠረ ጭረት በእያንዳንዱ ዙር አንድ "ቋ" ይሰጣል፤ ይህ ይጠገናል። በቦዩ (መርፌው በሚሄድበት ቀጭን መስመር) አቅጣጫ የሄደ ጭረት ግን መርፌውን ያስዘልላል ወይም አንድ ቦታ ላይ ያስደጋግመዋል። አራተኛው ዓይነት ጭረት እንኳ አይመስልም፦ ጥቁሩ ሸክላ ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ወይም ጥሩምባው ሲገባ ድምፁ ይሻክራል። ያ በከባድና ባለቀ መርፌ የተበላ ቦይ ነው። ሌላ መርፌ ሊያሻሽለው ይችል ይሆናል፤ ሙሉ በሙሉ የሚመልሰው ግን የለም።

ባለ 78 ዙሩን ለብቻ ይለዩት። ወፍራምና ደረቅ ነው፣ ሲወድቅ ይሰበራል፣ አንድ ገጹም ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። የተሠራበት ሙጫ በአልኮል ይሟሟል፤ ስለዚህ ቀጥሎ ያለው የአልኮል ውህድ ፈጽሞ አይንካው።

እጥበት

የድሬ የቧንቧ ውሃ ማዕድን ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋግረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። ያው ቅርፊት ቦዩ ውስጥ ሲደርቅ አዲስ ጭርጭርታ ይሆናል። ጋራዥና መለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠውን የተጣራ የባትሪ ውሃ ይጠቀሙ። በተመሳሳይ ጠርሙስ የባትሪ አሲድም ስለሚሸጥ ጽሑፉን ሳያነቡ አይክፈቱ።

ለአንድ ሊትር ውህድ 800 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 200 ሚሊ ሊትር 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። አይሶፕሮፒሉን ሞባይል ጠጋኞች ለቦርድ ማጽጃ ስለሚጠቀሙበት ድሬ ታይዋን ገበያ አካባቢ ይጠይቁ። ያገኙት 70 በመቶ ከሆነ መጠኑን ወደ 280 ሚሊ ሊትር ከፍ አድርገው ውሃውን ወደ 720 ይቀንሱ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር አይሆንም፤ ግሊሰሪን ስላለበት ቦዩ ውስጥ ይቀራል። ቲነርና አሴቶን ሸክላውን ያበላሹታል። ለ78ቱ አልኮሉን ትተው ውሃና ጠብታ ሳሙና ብቻ።

መሃል ያለውን ወረቀት በክብ የፕላስቲክ ክዳን ይሸፍኑት። ውህዱን ይርጩ፣ ሁለት ደቂቃ ይተዉት፣ ከዚያ በጣም ለስላሳ ፀጉር ባለው ብሩሽ የቦዩን አቅጣጫ ተከትለው ሦስት አራት ዙር ያሽከርክሩ። ከመሃል ወደ ጠርዝ አያሹ። የጣት ቅባትና የሻገተ ነገር ካለ ይድገሙት፤ ሐረር ጁገል ውስጥ በክረምት እርጥበት ያሳለፉ ሸክላዎች ላይ ሻጋታ የተለመደ ነው። ከዚያ በንጹህ የተጣራ ውሃ ብቻ ያለቅልቁ። ይህን ዙር የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው፤ የደረቀ ሳሙና ግን ከአቧራ የባሰ ይጮኻል። የመነጽር መጥረጊያ በመሰለ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ውሃውን አንስተው ሸክላውን ዕቃ ማድረቂያ ላይ አቁመው ያድርቁ፤ በጥላ፣ በተዘጋ ክፍል፣ ቬንትሌተር ጠፍቶ። ድሬ ላይ ለመድረቅ ጊዜ አይፈጅም፤ ክፍት በረንዳ ላይ ከተተወ ግን ያጠቡትን አቧራ መልሶ ይለብሳል።

አንዳንዶች ሸክላውን እንደረጠበ ያጫውታሉ፤ ጭርጭርታው ለጊዜው ይቀንሳል። ግን ውሃው የሟሟውን ቆሻሻ ቦዩ ግርጌ ላይ ያስቀምጠውና ከዚያ በኋላ ያ ሸክላ ደርቆ ሲጫወት የባሰ ይሆናል። አንመክረውም።

የተጣመመውን ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ ከሞቀ መኪና ውስጥም አያቆዩት። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው ሁለት መስታወቶች መካከል ከትተው ላዩ ላይ እኩል ክብደት ጭነው ለሳምንታት ጥላ ውስጥ ይተዉት።

ማጫወቻውና መርፌው

ከውጭ ዘመድ የላከው ማጫወቻ ከሆነ ጀርባውን ያንብቡ። 110 ቮልት የሚል ከሆነ መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ትራንስፎርመሩ ግን ቮልቱን እንጂ ድግግሞሹን አይቀይርም። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርዝ፣ የኛ 50 ነው፤ ፍጥነቱን ከመብራት ድግግሞሽ የሚወስድ ሞተር ያለው ማጫወቻ እዚህ በ6 ለ5 ዘግይቶ ይዞራል፤ በደቂቃ 33⅓ ዙር የነበረው 27.8 ይሆናል። እንዲህ የተቀዳ ፋይል ኮምፒውተር ላይ በ1.2 ቢፈጥን ዜማው ይስተካከላል። ዲሲ ሞተር ያላቸው ይህ ችግር የለባቸውም። ለመፈተን ሳህኑ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፈው በስልክ ሰዓት ይቁጠሩ፦ በ60 ሰከንድ 45 ዙር።

ሬዲዮና ማጫወቻ አንድ ላይ የያዙት የድሮ የእንጨት ሣጥኖች ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አንዳንዶቹ ውስጥ የብረት አካሉ በቀጥታ ከ220 ቮልት ጋር የተገናኘ ነው። ከስፒከራቸው ሽቦ ጠልፈው ወደ ላፕቶፕ ካስገቡ ላፕቶፑም እጅዎም አደጋ ላይ ነው። ለቅጂ ሌላ ማጫወቻ ይፈልጉ።

የመርፌው ዕድሜ ካልታወቀ መቀየር ይሻላል፤ ያለቀ መርፌ አንዴ ባለፈበት የተረፈውን ድምፅ ይዞ ይሄዳል። ኤቲ-ቪኤም95ኢ የሚባለው ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው ራስ) በ2 ግራም ጫና ይሠራል፤ የሚፈቀድለት ከ1.8 እስከ 2.2 ነው። ርካሹ ኤቲ-3600ኤል ከ2.5 እስከ 3.5 ግራም ይጫናል። ጫናውን በግምት ሳይሆን በሚዛን ያስተካክሉ። ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙት 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ይበቃል፤ ብቻ የሚዛኑ መዳፍ በሸክላው ከፍታ ላይ ይሁን፣ ብረት ከሆነም ላዩ ላይ ቁራጭ ፕላስቲክ ያስቀምጡ። ካርትሪጁ ውስጥ ያለው ማግኔት ብረቱን ስቦ ንባቡን ያዛባል። ክንዱ ላይ ሳንቲም መጫን ግን ሚዛን አይባልም።

ሁለት ዓይነት መርፌ መያዝ እዚህ ዋጋ አለው። ክቡ ጫፍና ሞላላው ጫፍ የቦዩን ግድግዳ የሚነኩት በተለያየ ከፍታ ነው፤ አንዱ በተበላው ቦታ ሲሄድ ሌላው ያልተነካውን ሊያገኝ ይችላል። ለ78 ደግሞ ሰፊው፣ 75 ማይክሮን ገደማ የሆነው መርፌ የግድ ነው፤ ጠባቡ ቦዩ ግርጌ ቆሻሻ ውስጥ ይዋኛል።

መሃሉ ሰፊ ቀዳዳ የሆነ 45 (38 ሚሊ ሜትር) በትክክል መሃል የሚያስቀምጥ መሙያ ይፈልጋል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከመሃል ቢወጣ ዜማው በእያንዳንዱ ዙር አንድ በመቶ ለሚጠጋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ማሲንቆ ወይም ሳክስፎን ረዥም ድምፅ ሲይዝ ወዲያው ይታወቃል። ይህን ሶፍትዌር በቀላሉ አያስተካክለውም፤ መርፌው ሲጫወት ክንዱ ወደ ጎን መወዛወዙን አይተው፣ መርፌውን አንስተው ሸክላውን በጣት ገፋ ማድረግ ያስተካክለዋል።

ገመድና መብራት

ላፕቶፕ ላይ ያለው አንድ ቀዳዳ የማይክሮፎን ነው፤ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) ነው፣ ሲግናሉንም ያፍነዋል። ስቴሪዮ (ግራና ቀኝ ቻናል ያለው) መስመር ያለው የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ ያስፈልጋል። ቤሪንገር ዩኤፍኦ 202 ርካሽ ነው፣ ፎኖ ፕሪአምፕም (የካርትሪጁን ደካማ ሲግናል አጉልቶ የሚያስተካክለው) ውስጡ አለው፤ ማብሪያው "ፎኖ" ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። የማግኔት ካርትሪጅ የሚሰጠው ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ስለሆነ ያለ ፕሪአምፕ ድምፁ ቀጭንና ባስ የሌለው ይሆናል። ሁለት ጊዜ ካለፈ ደግሞ፣ ማለትም ማጫወቻውም ካርዱም ፕሪአምፕ ኖሯቸው ሁለቱም ከበሩ፣ ባሱ ያጓራል፣ ድምፁም ይሰነጠቃል። ሻንጣ መሰል ርካሽ ማጫወቻዎች ላይ ያለው የሴራሚክ ካርትሪጅ ፎኖ አይፈልግም፤ ግን 1 ሜጋ ኦም ገደማ የሚሆን መግቢያ ካላገኘ ባሱ ይጠፋል።

"እምምም" የሚል ጉርምርምታ ከተሰማ 50 ሄርዝ ነው። ከማጫወቻው የሚወጣውን ቀጭን የመሬት ሽቦ ፕሪአምፑ ላይ ካለው ብሎን ጋር ያያይዙ። ከዚያ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለው በባትሪ ያሠሩት። መሬት ሽቦ በሌለው የቤት ሶኬት ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቻርጀሩ ነው፤ በዚያ ላይ መብራት ሲቆራረጥ የተቀዳው አይጠፋብዎትም። ስልክዎን ከገመዱ ያርቁ። የባጃጅ ጩኸት አያስጨንቅዎ፣ መርፌው በአየር የመጣውን ብዙም አይሰማም፤ የሚሰማው ንቅናቄ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ቬንትሌተር፣ ሳሎን ውስጥ የተከፈተ ስፒከር፣ በደጅ የሚያልፍ ሲኖትራክ። ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ቬንትሌተር ሳያስፈልግ ጠዋት መቅዳት ይሻላል።

መቅዳት

አውዳሲቲ የሚባለው የድምፅ መቅጃና ማስተካከያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ዊንዶውስ ላይ "የድምፅ ማሻሻያ" የሚባሉትን ሁሉ ያጥፉ። ካርዱ ከፈቀደ 24 ቢትና 96 ኪሎ ሄርዝ፣ ካልሆነ 48 ኪሎ ሄርዝ። ከፍ ያለው ቁጥር ለጆሮ ሳይሆን ለጥገናው ነው፤ "ቋ" የሚለው ነገር በጣም ፈጣን ስለሆነ ብዙ ነጥብ ላይ ሲሰፍር ከሙዚቃው ለመለየት ይቀላል። በ24 ቢት 96 ኪሎ ሄርዝ አንድ ደቂቃ ስቴሪዮ ወደ 35 ሜጋባይት ይወስዳል።

ሸክላው ሞኖ ቢሆንም በስቴሪዮ ይቅዱ፤ ምክንያቱ ታች ይመጣል። በጣም የሚጮኸው ቦታ ከ-6 ዲቢ እንዳያልፍ አድርገው፣ መርፌው ከመውረዱ በፊት ጀምረው መርፌው መጨረሻው ቦይ ላይ እስኪደርስ ድረስ ይቅዱ። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያሉት ባዶ ሰከንዶች ያስፈልጋሉ። የ"ቋ" ጫፍ ዜሮን ቢነካ ግድ የለም፣ ዘፈኑ ግን አይንካ። እያንዳንዱን ገጽ ሁለቴ ይቅዱ፤ አንዱ ላይ የተበላሸው ሁለተኛው ላይ ደህና ሊሆን ይችላል።

የሚዘል ሸክላ ካጋጠመ መጀመሪያ ጫናውን እስከሚፈቀደው ከፍታ ይጨምሩ። መርፌው ወደ መሃል የሚዘል ከሆነ ፀረ-ስኬቲንጉን (ክንዱ ወደ መሃል እንዳይሳብ የሚይዘውን ማስተካከያ) ከፍ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚደጋግም ከሆነ ዝቅ ያድርጉ። ያም እምቢ ካለ 45ቱን በ33⅓ ያጫውቱት፤ መርፌው ቀስ ሲል ብዙ ጊዜ ያልፋል። ኋላ በኮምፒውተር በ1.35 ይፈጠናል። ግን የፎኖው ማስተካከያ ለትክክለኛው ፍጥነት የተሰላ ስለሆነ ድምፁ ይዛባል፦ መጀመሪያ በአውዳሲቲ ፊልተር ከርቭ ውስጥ ያለውን "አርአይኤኤ" (ያንኑ የፎኖ ማስተካከያ) ገልብጠው ይጠቀሙ፣ ፍጥነቱን ይቀይሩ፣ ከዚያ አርአይኤኤውን ሳይገለብጡ ይመልሱት።

ጥሬውን ቅጂ እንዳለ ያስቀምጡና ሌላ ኮፒ ላይ ይሥሩ።

ማጽዳት

በመጀመሪያ ከ25 ሄርዝ በታች ያለውን በሃይ-ፓስ ይቁረጡ። የሸክላ መጣመምና የሞተር ንዝረት እዚያ ይቀራል፣ ከሙዚቃው የሚጎድል የለም።

ከዚያ የአውዳሲቲው ጭረት ማውጫ፣ ክሊክ ሪሙቫል። ሲከፈት 200 እና 20 ላይ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ቁጥር ሲቀንስ ብዙ ነገር እንደ ጭረት ይቆጠራል፤ አደጋው እዚህ ነው። የዚያ ዘመን ሙዚቃ በጥሩምባና በሳክስፎን የተሞላ ነው፤ የጥሩምባ ሞገድ ደግሞ ሹል ሹል ስለሆነ ማሽኑ ከጭረት አይለየውም። የክራር ክር ሲመታም እንደዚያው። ስለዚህ የወጣውን ያዳምጡ፦ ትራኩን ያባዙ፣ አንዱን ያጽዱ፣ ሌላውን ኢንቨርት አድርገው (ሞገዱን ገልብጠው) ሁለቱን አብረው ያጫውቱ። የሚሰማው የተነቀለው ብቻ ነው። ተበታትኖ "ቋ፣ ቋ" ካለ ደህና ነው። ጥሩምባው በመጣ ቁጥር የጥሩምባውን ምት ተከትሎ "ጥ-ጥ-ጥ" ካለ ዘፈኑን እየበሉት ነው፤ ቁጥሩን ከፍ አድርገው ይመለሱ፣ ወይም ጥሩምባ የሌለበትን ክፍል ብቻ መርጠው ይሥሩ። ይህን ፈተና ማንኛውም ማጽጃ ላይ ይጠቀሙ፣ የሚከፈልበት አይዞቶፕ አርኤክስ ላይም ቢሆን።

የቀሩት ትልልቅ ጭረቶች በእጅ ይጠገናሉ። ሞገዱን ነጥቦቹ እስኪታዩ ያጉሉ፤ ጭረቱ ከለስላሳው መስመር ቀጥ ብሎ የወጣ እሾህ ሆኖ ይታያል። እሾሁን ብቻ ይምረጡና ሪፔር የሚለውን መጠገኛ ይጫኑ። ሪፔር የሚቀበለው እስከ 128 ነጥብ ነው፤ በ96 ኪሎ ሄርዝ 1.3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። የሚቀጥለውን ለመፈለግ ዘፈኑን በሙሉ ማዳመጥ አያስፈልግም፦ ከጠርዝ ወደ መሃል የሄደ ጭረት በ45 ዙር በየ1.33 ሰከንዱ፣ በ33⅓ በየ1.8 ሰከንዱ ይመለሳል። ከአንዱ ላይ ያንን ጊዜ ሲደምሩ ቀጣዩ ጋ ይደርሳሉ። ጥልቅ ጭረት ከእሾሁ በኋላ "ዱም" የሚል ወፍራም ጭራ ይተዋል፤ እሾሁን ከጠገኑ በኋላ ጭራውን ብቻ መርጠው በ150 ሄርዝ ሃይ-ፓስ ያለስልሱት።

አሁን ስለ ሞኖ። ቻናሎቹን ይለዩና አንዱን ኢንቨርት አድርገው አብረው ያጫውቱ። ዘፋኙ ከጠፋና ጭርጭርታ ብቻ ከቀረ ሸክላው ሞኖ ነው፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ያው ዘፈን በቦዩ ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፏል ማለት ነው፣ ጭረቱ ግን ሁለቱንም እኩል አይጎዳም። የግራውን ብቻ፣ የቀኙን ብቻ ያዳምጡ። አንዱ በግልጽ ከተሻለ ሌላውን ይተዉት። ሁለቱም ቦታ ቦታ ላይ ከተጎዱ የተበላሸውን ቁራጭ ከደህናው ቻናል እኩል ሰዓት ላይ ገልብጠው ይለጥፉ፤ ምንም ሶፍትዌር ገምቶ ከሚሞላው ይበልጣል፣ እውነተኛው ድምፅ ነውና። ሁለቱንም ካጸዱ በኋላ ወደ አንድ ቻናል ሲደመሩ ቀሪው ጭርጭርታም ይቀንሳል። ኢንቨርቱን መመለስ አይርሱ፤ አለበለዚያ የሚጠፋው ዘፋኙ ነው።

ለ"ሽሽ" ድምፅ የሚሆነው ማጽጃ፣ ኖይዝ ሪዳክሽን፣ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ናሙናውን የሚወስዱት መርፌው ከወረደ በኋላ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ካለው ቦይ ነው፤ መርፌው ተነስቶ ካለው ጸጥታ አይደለም። ናሙናው ውስጥ "ቋ" ካለ መጀመሪያ ይጠግኑት። 6 ዲቢ ይበቃል። 20 ዲቢ ያወረደ ሰው ጸጥታ ያገኛል፣ ዘፋኙ ግን በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ትንሽ ሽሽታ የቀረበት ቅጂ ከዚህ በእጅጉ ይሻላል፤ ጆሮ በሁለት ደቂቃ ይለምደዋል። ቦዩ ተበልቶ ለሚሻክር ሸክላ ከ12 ኪሎ ሄርዝ በላይ ያለውን ማለዘብ ይረዳል።

መርፌው ዘሎ ሙሉ ዙር ከጠፋ ሁለተኛውን ቅጂ ወይም የሌላ ሰው ሸክላ ይፈልጉ። ካልተገኘና አዝማቹ ሌላ ቦታ ላይ በተመሳሳይ ከተደገመ ከዚያ ቁራጭ ወስዶ መሙላት ይቻላል፤ መጋጠሚያውን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ያደባልቁት፣ ማስታወሻው ላይም ይጻፉት። ለቤተሰብ ማዳመጫ ጥሩ ነው፤ ለታሪክ መዝገብ ግን ክፍተቱ እንዳለ ይቅር።

ማስቀመጥ

ጥሬውንም የጸዳውንም በፍላክ (ከድምፁ ምንም በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት) ያስቀምጡ፤ ለስልክ ኤምፒ3 በ320 ኪሎቢት። ስሙን ማስታወሻው ውስጥ በግዕዝ ፊደል ይጻፉ፤ የፋይሉን ስም ግን በላቲን ፊደልና በቁጥር ያድርጉ፣ ብዙ የመኪናና የባጃጅ ፍላሽ ማጫወቻ የኛን ፊደል በሣጥን ምልክት ያሳያል። በወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥርና በመጨረሻው ቦይ አጠገብ የተቀረጸውን ቁጥር አብረው ይመዝግቡ፤ ሁለት የተለያዩ ሕትመቶችን የሚለየው እሱ ነው። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፋይል ይላኩ እንጂ እንደ ድምፅ መልእክት አይቅዱት። ዩቲዩብ ላይ መጫንና መሸጥ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በአዋጅ 410/1996 መሠረት የተቀረጸ ድምፅ ባለመብት አለው፣ ፈቃድ ይጠየቃል።

አንዱን ቅጂ ሌላ ቤት ያስቀምጡ፤ ድሬ የሚኖር ሐረር ዘመድ ጋ፣ ሐረር ያለ ድሬ። ሸክላዎቹን ደግሞ አዲስ የፕላስቲክ ወይም የወረቀት ከረጢት ሰጥተው በቁም ይደርድሩ፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ቁም ሣጥን አናት ላይ አይመልሱ።